ምዕራፍ 6፦ ማነቆው የት ነው? የጌም ኮምፒዩተር በውስን ገንዘብ

ክረምቱ ሊወጣ ሲል በሆሳዕና ዙሪያ ያለ ቤት ሁሉ ሒሳብ ውስጥ ይገባል። በሀዲያ ያሆዴ፣ በከምባታ መሳላ የሚባለው የመስከረም በዓል እየቀረበ ነው። የድግሱ ሥራ ግን የተጀመረው ከብዙ ወራት በፊት ነው። አባቶች ለበሬ መግዣ የሚሆነውን ገንዘብ በቱታ ማኅበራቸው ጥቂት በጥቂት ሲያጠራቅሙ ከርመዋል። እናቶች በዊጆ ማኅበራቸው ቅቤ ሰብስበዋል፤ እንሰቱን ፍቀው ቆጮውንና ቡላውን አሰናድተዋል። ወጣቶች እንጨት ፈልጠው አድርቀዋል። እያንዳንዱ የድርሻውን ይዞ ይመጣል፤ በዓሉ የሚሞላውም ሁሉም ሲገናኝ ነው።

አሁን አንድ አባወራ ያለውን ብር ሁሉ በመንደሩ ተወዳዳሪ በሌለው ሰንጋ ላይ አፈሰሰው እንበል። በሬው ታረደ፤ ቅቤ ግን የለም። አታካና የተባለው የበዓል ምግብ ቡላ፣ ቅቤና ወተት ይፈልጋልና ሳይሠራ ቀረ። እንጨቱም እርጥብ ስለሆነ ቤቱ በጭስ ታፈነ። ይህ ሰው ገንዘብ አላጣም። ያጣው ሚዛን ነው። የሰንጋው ግዝፈት የቅቤውን ጉድለት አይሞላም።

የዚህ ምዕራፍ ሐሳብ በሙሉ በዚህች ምሳሌ ውስጥ አለ። ኮምፒዩተር የሚሮጠው በጣም ውድ በሆነው ዕቃው አቅም ሳይሆን በጣም በሚዘገየው ዕቃው አቅም ነው። ያንን የሚዘገይ ዕቃ ማነቆ እንለዋለን። በውስን ገንዘብ ጥሩ ማሽን መገጣጠም ማለት ማነቆውን ፈልጎ ማግኘትና ብሩን እሱ ላይ ማዋል ማለት ነው።

ስህተት ሲወደድ

በሆሳዕና፣ በዱራሜ፣ በሺንሺቾ ወይም በአንጋጫ የጌም ኮምፒዩተር ለመገጣጠም የሚያስብ ወጣት ገንዘቡን በቀላሉ አያገኘውም። ወይ ከደመወዙ ቆጥቧል፣ ወይ እቁብ ደርሶታል፣ ወይ ደቡብ አፍሪካ ያለ ወንድሙ ከሱቅ ሥራው ቀንሶ ልኮለታል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ካደረገ በኋላ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የኮምፒዩተር ዕቃ ከውጭ በዶላር ተገዝቶ የሚመጣ ስለሆነ የአንድ የተሳሳተ ምርጫ ዋጋም አብሮ ጨመረ።

«ስለ ጌም መማር ለምን ያስፈልጋል?» የሚል ወላጅ ይኖር ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱም፣ አንድ ተራ ቤት ውስጥ ኮምፒዩተርን እንደ ጌም አድርጎ የሚፈትን ሥራ ጥቂት መሆኑ ነው። ጌም በደንብ የሚያጫውት ማሽን የሠርግ ቪዲዮ ይቆርጣል፤ የሕንጻ ንድፍ ይሥላል፤ ለዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ የምህንድስና ተማሪም ከበቂ በላይ ያገለግላል። የጌም ማሽን መምረጥን የተረዳ ሰው ማንኛውንም ኮምፒዩተር መምረጥ ይችላል።

በሰከንድ 60 ሥዕል

በምዕራፍ 2 እንዳየነው ስክሪን ላይ የሚንቀሳቀስ ነገር ሁሉ የተከታታይ ሥዕሎች ድርድር ነው። ፊልም በሰከንድ 24 ሥዕል ያሳየናል። የፊልም ሥዕሎች ግን አስቀድመው ተዘጋጅተው የተቀመጡ ናቸው። በጌም ተጫዋቹ ቀጥሎ የትኛውን ቁልፍ እንደሚጫን ማንም አያውቅም፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ሥዕል እዚያው፣ በዚያች ቅጽበት መሠራት አለበት። የተለመደው ሞኒተር በሰከንድ 60 ሥዕል ያሳያል። ያን ለመሙላት ማሽኑ አንዱን ሥዕል በ16.7 ሚሊሰከንድ ውስጥ መጨረስ ይጠበቅበታል። ሚሊሰከንድ የአንድ ሰከንድ አንድ ሺህኛ ነው።

ይህን ሥራ ሁለት ሠራተኞች ይካፈሉታል። የመጀመሪያው በምዕራፍ 3 በሰፊው የተዋወቅነው ፕሮሰሰር ነው። ኳሷ የት ደረሰች? በረኛው ወዴት ይዘላል? ተጫዋቹ ከጨዋታ ውጭ ነው? እነዚህን የሚወስን እሱ ነው። ሁለተኛው ግራፊክስ ካርድ ነው፤ የተወሰነውን ተቀብሎ በስክሪኑ ላይ ያሉትን ነጥቦች አንድ በአንድ ቀለም ይቀባል።

በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ስንዴ ሲታጨድ ማየት ይቻላል። የማሳው ባለቤት ከየት እንደሚጀመርና ነዶው የት እንደሚከመር ያስባል፤ ለዚህ አንድ ብልህ ሰው ይበቃል። አጨዳው ግን ብዙ እጅ ይፈልጋልና ደቦ ይጠራል። ፕሮሰሰር ባለቤቱ ነው፤ ግራፊክስ ካርድ ደቦው። ኢንቴል ኮር አይ5-6500 የተባለው ፕሮሰሰር 4 ኮር፣ ማለትም አራት ብልህ ሠራተኞች አሉት። ኤንቪዲያ ጂቲኤክስ 1650 የተባለው መጠነኛ ግራፊክስ ካርድ ደግሞ 896 ትንንሽ ኮሮች አሉት። እያንዳንዳቸው ብዙ አያስቡም፤ አንድ ላይ ሲያጭዱ ግን ማሳው ይራቆታል።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። ለአንድ ሥዕል ፕሮሰሰሩ 10 ሚሊሰከንድ፣ ግራፊክስ ካርዱ 25 ሚሊሰከንድ ይፈልጋሉ እንበል። ካርዱ አንዱን ሥዕል ሲቀባ ፕሮሰሰሩ ቀጣዩን እያሰናዳ ስለሆነ ፍጥነቱን የሚወስነው ዘግይቶ የሚጨርሰው ነው። 1,000 ለ25 ሲካፈል 40 ነው፤ ስለዚህ በሰከንድ 40 ሥዕል እናገኛለን። አንድ ወጣት በዚህ ጊዜ ገንዘቡን አውጥቶ እጥፍ የሚፈጥን ፕሮሰሰር ቢገዛ ምን ያገኛል? ፕሮሰሰሩ በ5 ሚሊሰከንድ ይጨርስና ካርዱን ቆሞ ይጠብቃል። አሁንም 40 ሥዕል ነው። ብሩ ሄደ፤ ለውጡ ባዶ ነው። ያንኑ ገንዘብ ግራፊክስ ካርዱን እጥፍ ለማፍጠን ቢያውለው ግን 25 ወደ 12.5 ይወርዳል፤ ሥዕሉም ወደ 80 ያድጋል።

ከዚያስ በኋላ? ካርዱን ደግመን ብናፋጥነው ፕሮሰሰሩ በ10 ሚሊሰከንዱ ይቆምብናል፤ ከ100 ሥዕል አናልፍም። ሞኒተሩ የሚያሳየው 60 ብቻ ከሆነ ደግሞ ከ60 በላይ ያለውን አብዛኛውን ዓይናችን አያየውም። ማነቆው ከካርዱ ወደ ፕሮሰሰሩ፣ ከዚያም ወደ ሞኒተሩ ተሸጋገረ ማለት ነው።

ማነቆ ቦታ ይቀይራል

«የትኛው ግራፊክስ ካርድ ይሻላል?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን መልስ የለውም። ማነቆው የሚታወቀው ጌሙና ስክሪኑ ሲታወቁ ነው።

ስክሪኑን እንውሰድ። በአሮጌ ሞኒተሮች ላይ የተለመደው 1366 በ768 የሆነ ስክሪን 1,049,088 ነጥቦች አሉት። 1920 በ1080 የሆነው 2,073,600 አለው፤ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። የማሳው ስፋት እጥፍ ሲሆን የደቦው ሥራ ይበዛል፤ የባለቤቱ ሐሳብ ግን እምብዛም አይጨምርም። ስለዚህ ስክሪኑ ሲሰፋ ሸክሙ የሚወድቀው በግራፊክስ ካርዱ ላይ ነው።

ጌሙም የራሱ ጠባይ አለው። ካውንተር ስትራይክ 2ን የመሰለ ፈጣን የተኩስ ጨዋታ ብዙ ሥዕል ሲጠየቅ ፕሮሰሰሩን አጥብቆ ይይዛል። በጌም ቤቶች ዋናው እንግዳ የሆነውን የእግር ኳስ ጨዋታ ስናይ፣ ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ 24 በትንሹ የሚጠይቀው 8 ጊጋ ራም፣ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ግራፊክስ ካርድና 100 ጊጋ የዲስክ ቦታ ነው። እግር ኳስ ብቻ ለሚያጫውት ጌም ቤት ከዚህ ብዙ የራቀ ማሽን መግዛት ለአራት ሰው ሦስት በሬ እንደማረድ ነው።

ሌላው የማነቆ መቀመጫ ዲስክ ነው፤ ይህን ለመረዳት አንድ የቆየ ሐሳብ ይጠቅመናል። እ.ኤ.አ. በ1967 የአይቢኤም ባልደረባ የነበረው የኮምፒዩተር መሐንዲስ ጂን አምዳል፣ አንድን ክፍል በማፋጠን የሚገኝ ትርፍ ያ ክፍል ከጠቅላላው ጊዜ በያዘው ድርሻ የተገደበ እንደሆነ አስረዳ። ከሆሳዕና አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ይህን ያውቀዋል። መናኸሪያ ውስጥ መኪናው እስኪሞላ 2 ሰዓት ጠብቆ በመንገድ ላይ 4 ሰዓት ቢቆይ ጉዞው 6 ሰዓት ፈጀ። መኪናው እጥፍ ቢፈጥን 6ቱ ሰዓት 3 አይሆንም፤ 4 ነው የሚሆነው። የመናኸሪያዋ 2 ሰዓት አትነካም።

አንድ ጌም ተከፍቶ እስኪጀምር 60 ሰከንድ ቢፈጅና ከዚያ 45ቱ ከዲስክ የማንበቢያ ጊዜ ቢሆን፣ ፕሮሰሰር መቀየር የሚነካው ቀሪዎቹን 15 ሰከንዶች ብቻ ነው። የሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ በሰከንድ ከ100 እስከ 150 ሜጋባይት ገደማ ያነባል፤ ተራ የሚባለው ኤስኤስዲ 500 ያህል። 45ቱ ሰከንድ ወደ 10 ሲወርድ ጠቅላላው 25 ይሆናል። ለአሮጌ ማሽን በትንሽ ብር ትልቅ ለውጥ የሚያመጣ ዕቃ ቢኖር ኤስኤስዲ ነው። በሰከንድ የሚታየውን የሥዕል ብዛት ግን ያን ያህል አይጨምርም፤ የሚፈታው የራሱን ማነቆ ነውና።

ሳይገዙ መመርመር

ቤት ውስጥ ማሽን ላለው ሰው ማነቆውን መለየት ምንም ወጪ የለውም። ጌሙን ከፍቶ የስክሪኑን ጥራት ከ1920 በ1080 ወደ 1280 በ720 ማውረድ ነው። ሥዕሉ በግልጽ ከፈጠነ ማነቆው ግራፊክስ ካርዱ ነበር፤ ማሳው ሲጠብ ደቦው ተነፈሰ። ምንም ካልተለወጠ ደግሞ ፕሮሰሰሩን መጠርጠር ነው። ዊንዶውስ ውስጥ ያለው ታስክ ማናጀርም የእያንዳንዱን ዕቃ ድካም በመቶኛ ያሳያል። ጌሙ እየሄደ ግራፊክስ ካርዱ 98 ላይ፣ ፕሮሰሰሩ 50 ላይ ቢቆሙ የትኛው ላብ በላብ እንደሆነና የትኛው ቁጭ ብሎ እንደሚጠብቅ ማየት ይቻላል።

ሱቅ ውስጥ ደግሞ ሁለት ቁጥሮች ብዙ ሰው ያሳስታሉ። አንዱ «ኮር አይ7 ነው» የሚለው ነው። በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣው አይ7-2600 እና በ2022 የወጣው አይ3-12100 ሁለቱም 4 ኮር አላቸው፤ በጌም ግን «ታናሹ» አይ3 «ታላቁን» በሰፊው ይበልጠዋል። ከሰረዙ በኋላ የሚመጡት የመጀመሪያ አሃዞች፣ 2 እና 12፣ ትውልዱን ይናገራሉ። ሁለተኛው «ካርዱ 4 ጊጋ ነው» የሚለው ነው። ጂቲ 730 ባለ 4 ጊጋ አለ፤ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይም 4 ጊጋ ነው። የመጀመሪያው ግን ቢበዛ 384 ኮር፣ ሁለተኛው 768 ኮር ያላቸው ከመሆኑም በላይ የትውልድ ልዩነት አላቸው። ጊጋው የካርዱ ማህደረ ትውስታ፣ ማለትም የጎተራው ስፋት ነው፤ የአጫጆቹን ቁጥር አይነግረንም።

መቶ ብሩን ማከፋፈል

የዕቃ ዋጋ ከሳምንት ሳምንት ስለሚለዋወጥ በብር ቁጥር መምከር አይጠቅምም፤ ድርሻ ግን ቶሎ አያረጅም። ለማሽኑ አካል የተያዘው ገንዘብ 100 ብር ነው ብለን እናስላ። ለጌም ተብሎ ለሚገጣጠም ማሽን የምመክረው መነሻ ይህ ነው፦ ለግራፊክስ ካርድ 38፣ ለፕሮሰሰር 18፣ ሁሉም ለሚሰኩበት ማዘርቦርድ 11፣ ለፓወር ሰፕላይ 10፣ ለራም 9፣ ለኤስኤስዲ 8፣ ለኬዝ 6። ሞኒተር፣ ኪቦርድና ስታቢላይዘር ከዚህ ውጭ ለብቻቸው ይታሰቡ።

ይህ ክፍፍል ሕግ አይደለም፤ መነሻ ሚዛን ነው። ፈጣን የተኩስ ጨዋታ ለሚወድ ሰው ከካርዱ 5 ብር ወደ ፕሮሰሰሩ ይዛወር። ብዙ ጌም የሚጭን ሰው ለኤስኤስዲው ይጨምር፤ እያንዳንዳቸው 100 ጊጋ የሚፈልጉ ሁለት ጌሞች በ256 ጊጋ ዲስክ ላይ ከዊንዶውስ ጋር በምቾት አይገቡም። አንድ ዕቃ ብቻውን ከመቶው 60 ወይም 70 ከወሰደ ግን ቅቤ የሌለበት ድግስ እየተዘጋጀ እንደሆነ ይታወቅ።

ሁለት መንገዶች

ገንዘቡ በጣም ጠባብ ለሆነ ሰው የመጀመሪያው መንገድ ከውጭ ቢሮዎች ወጥቶ የሚመጣ ያገለገለ ኮምፒዩተር ነው። ዴል ኦፕቲፕሌክስ እና መሰሎቹ በአዲስ አበባ ሱቆች በብዛት ይገኛሉ። አይ5-6500 ያለው አንዱ፣ 16 ጊጋ ራምና ኤስኤስዲ ሲሟላለት ጤነኛ መነሻ ነው። ግራፊክስ ካርድ ሲጨመርበት ግን ሁለት በሮች አሉ። አንደኛው የመብራት በር ነው። ካርዱ የሚሰካበት ቦታ ራሱ የሚሰጠው ኃይል እስከ 75 ዋት ብቻ ነው፤ የእነዚህ ማሽኖች ፓወር ሰፕላይ ደግሞ አነስተኛና ብዙ ጊዜ ለካርድ የሚሆን ተጨማሪ ገመድ የሌለው ነው። ስለዚህ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ወይም 1650 ሲገዛ ተጨማሪ ገመድ የማይፈልገውን ዓይነት ለይቶ መጠየቅ ያስፈልጋል። ሁለተኛው የቁመት በር ነው። ቀጭኑ ኬዝ የሚቀበለው አጭር ካርድ ብቻ ነው። ካርዱን ገዝቶ 230 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ሆሳዕና ከደረሱ በኋላ «አልገባም» ማለት ውድ ትምህርት ነው። ከመግዛት በፊት የኬዙን ውስጥ በማስመሪያ መለካት ይበቃል።

ሁለተኛው መንገድ ዛሬ ጀምሮ ነገ መሙላት ነው። ኤኤምዲ በ2021 እ.ኤ.አ. ያወጣው ራይዘን 5 5600ጂ በውስጡ የራሱ ግራፊክስ ያለው ባለ 6 ኮር ፕሮሰሰር ነው። ካርድ ሳይገዙ ቀላልና መካከለኛ ጌሞችን መጀመር ይቻላል፤ እቁቡ ሲደርስ ካርዱ ይጨመራል። አንድ ምክር ግን እዚህ ላይ ወርቅ ናት። በፕሮሰሰር ውስጥ ያለ ግራፊክስ የራሱ ጎተራ ስለሌለው ከራሙ ይበደራል። ስለዚህ አንድ ባለ 16 ጊጋ ራም ከመግዛት ሁለት ባለ 8 ጊጋ መግዛት ይሻላል። ጎተራው እኩል ነው፤ በሩ ግን ሁለት ይሆናል፤ እህሉም በሁለቱም በኩል ይወጣል።

የማይታዩት ማነቆዎች

በማስታወቂያ ላይ ስማቸው የማይጠራ ሦስት ማነቆዎች አሉ። የመጀመሪያው ፓወር ሰፕላይ ነው። በምዕራፍ 4 ዋትን እንደ ወራጅ ውሃ አስበነው ነበር። ኤኤምዲ አርኤክስ 6600 ካርድ 132 ዋት፣ ባለ 65 ዋት ፕሮሰሰር ሲጨናነቅ 80 ያህል፣ የቀሩት ሁሉ 50 ቢጠቀሙ ድምሩ 260 ገደማ ነው። ለዚህ እውነተኛ የሆነ 450 ወይም 500 ዋት ይበቃል። እውነተኛ ያልኩት በምክንያት ነው። የመጀመሪያ ማሽኔን ስገጣጥም የገዛሁት ርካሽ ፓወር ሰፕላይ ላዩ ላይ 500 ይላል፤ ጌም በተከፈተ ቁጥር ግን ማሽኑን ያጠፋው ነበር። ሁለት ወር ሙሉ ካርዱን ስጠራጠር ቆየሁ። 80 ፕላስ የሚለውን ምልክት ከታወቀ አምራች ስም ጋር መፈለግን የተማርኩት ያኔ ነው። መብራት በሚዋዥቅበትና ሄድ መጣ በሚልበት ከተማ ስታቢላይዘርም የማሽኑ አካል ሆኖ ይቆጠር።

ሁለተኛው አየር ነው። ሆሳዕና ከባሕር ወለል በላይ 2,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠረፍ ሲነጻጸር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ ማራገቢያው በአንድ ዙር የሚገፋው አየር ይቀንሳል፤ ተሸክሞት የሚወጣው ሙቀትም እንደዚያው። ደግነቱ አየሩ ቀዝቃዛ ስለሆነ ጉድለቱን በከፊል ይክሳል። የአቧራውን ጉዳት ግን አይክስም። ፕሮሰሰርና ካርድ ከመጠን በላይ ሲሞቁ ራሳቸውን ለማዳን ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ፤ በአቧራ የታፈነ ውድ ማሽንም ከርካሹ እኩል ይሆናል። ከፊትና ከኋላ አየር የሚያሳልፍ ኬዝ መምረጥና በየሁለት ወሩ በብሩሽ ማጽዳት የአዲስ ዕቃ ያህል ይጠቅማል።

ሦስተኛው ከቤት ውጭ ነው። ብዙዎቹ የኢንተርኔት ጨዋታዎች ሰርቨሮች ያሉት በአውሮፓ ወይም በመካከለኛው ምሥራቅ ነው። ቁልፍ ሲጫኑ መልእክቱ እዚያ ደርሶ እስኪመለስ የሚያልፈውን ጊዜ የትኛውም ግራፊክስ ካርድ አያሳጥረውም። በኢንተርኔት ሲጫወቱ ብቻ የሚዘገይ፣ ብቻውን ሲጫወቱ ግን የሚፈጥን ማሽን ጤነኛ ነው፤ ብር ሊወጣበት አይገባም።

ብሩ ከኪስ ከመውጣቱ በፊት

በቀጣዩ ምዕራፍ የገዛናቸውን ዕቃዎች ጠረጴዛ ላይ ዘርግተን አንድ በአንድ እንገጣጥማለን። ከዚያ በፊት ግን አንባቢዬን አንድ ነገር እለምናለሁ። መርካቶ ወይም መገናኛ ከመሄድዎ፣ ወይም ወንድምዎ ገንዘቡን ከመላኩ በፊት አንድ ወረቀት ይውሰዱና ሦስት መስመር ይጻፉ፦ የምጫወተው ጌም የትኛው ነው? ስክሪኔ ስንት በስንት ነው? ከምገዛቸው ዕቃዎች መጀመሪያ የሚደክመው የትኛው ነው? ሦስተኛውን መስመር መሙላት ካልቻሉ ገና መግዣዎ አልደረሰም፤ ይህን ምዕራፍ ደግመው ያንብቡ። መሙላት ከቻሉ ግን ያ ወረቀት ከማንኛውም ሻጭ ምክር ይበልጥብዎታል። በሰው አገር በላብ የተገኘን ብር አክብረው በሚገባው ቦታ ያውሉት።